ከቨርጂኒያ የመጣች ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት

የአንባቢ ደብዳቤ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን የራሴን ጉድ ጽፌ እልካለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

34 ዓመቴ ነው። ባለቤቴን ያገባሁት በ2007 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በማዘጋጃ ፈርመን። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለድን። በ2009 እሱ ለስልጠና ብሎ አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። አሁን ያለው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መጀመሪያ አሳይለም ጠየቀ። ወረቀት ሲያገኝ ደግሞ "ፕሮሰስሽን ጀምሬያለሁ" አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ "ትንሽ ነው የቀረን" ስባል ኖርኩ።

በ2011 አያት አካባቢ ጅምር ቤት ገዛን። ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ውሉን የፈረመው ውክልና ያለው ወንድሙ ስለሆነ። እውነት ለመናገር ብዙውን ብር የላከው እሱ ነው። እኔም ግን ወርቄን ሸጫለሁ፣ ሁለት ዕቁብ አስገብቼበታለሁ፣ ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌያለሁ። ልጄን አዝዬ አሸዋ ያስራገፍኩበት ቤት ነው።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሙ መጣ። ቡና እያፈላሁ ነበር። ከላስቲክ ውስጥ ሦስት ገጽ ወረቀት አወጣና ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠው። "ተፋታችኋል። አሜሪካ ፍርድ ቤት ጨርሶታል። ቤቱም ለእሱ ተፈርዷል። እስከ መስከረም ትለቂያለሽ" አለኝ። 400,000 ብር ሊሰጡኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ውልና ማስረጃ ሄጄ "ምንም ጥያቄ የለኝም" ብዬ መፈረም አለብኝ። ልጁንም "ፓስፖርት አውጪለት፣ ወደ አባቱ ይሄዳል" አለኝ።

እንግሊዝኛውን የእህቴ ልጅ አነበበልኝ። "የተጠሪዋ አድራሻ ተፈልጎ ሊገኝ አልቻለም" ይላል። እትዬ፣ ይሄ ሰው በየእሁዱ በኢሞ የሚደውልልኝ ሰው ነው። ብር የሚልከው በዚሁ አድራሻዬ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ከአስር ወር በፊት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ ስንት ጊዜ "የኔ ቆንጆ" ብሎኛል።

ተፈትቻለሁ ወይስ ባለትዳር ነኝ? ቤቱን ልልቀቅ? ልፈርምና ልገላገል? ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። የወረቀቱን ፎቶ አያይዤያለሁ።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የኔ እህት፣ "የኔ ቆንጆ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ተነሳሁ። ትንሽ ተንጎራደድኩ። ያናደደኝ ፍቺው አይደለም፤ ሰው ይፋታል። አድራሻዋ ጠፋኝ ብሎ ምሎ ሲያበቃ በዚያው አድራሻ "ልጁ በላ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው ያናደደኝ። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ይዘሽ፣ ለእናትሽ እንኳ ሳትነግሪ ወር ሙሉ መቀመጥሽ። ደክሞሻል አይደል?

አንዲት ነገር አሁኑኑ ልንገርሽ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን። አትፈርሚ። ውልና ማስረጃ ቀርቶ ደጃፍሽ ላይ ለሚመጣ ወረቀትም አትፈርሚ። ከቤቱም አትውጪ። ወንድምየው መስከረም ያለው ስለፈለገ ነው እንጂ መስከረምን የወሰነ ዳኛ የለም።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት ግን ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከውጭ አገር ማኅተም ይዘው የሚመጡ ወረቀቶች ሰውን እንዴት እንደሚያስደነግጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅተሙ ወርቃማ ከሆነማ አለቀ። ሰው ሳያነበው ያምነዋል። ለአንቺ ስጽፍም ሁለት የሕግ ሰዎችን ደውዬ ጠይቄያለሁ።

እስቲ አብረን እናንብበው። የላክሽልኝን ሦስቱንም ገጽ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ስማችሁንና የተጋባችሁበትን ቀን ይላል። ሁለተኛው ባልሽ በቨርጂኒያ ከስድስት ወር በላይ እንደኖረ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተለያይታችሁ እንደኖራችሁ፣ አንቺ ስላልተገኘሽ በጋዜጣ እንደተጠራሽ ይላል። ሦስተኛው ጋብቻው ፈርሷል ብሎ ፊርማና ቀን። በቃ። ቤት የሚል ቃል የለም። አያት የሚል የለም። አዲስ አበባ የሚለው ስም የተነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የተጋባችሁበት ከተማ ተብሎ። "ቤቱ ለእሱ ተፈርዷል" ያለሽ ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ወንድምየው ነው። ወይ አላነበበውም፣ ወይ አታነብም ብሎሻል።

እንዲህ ያለ ፍቺ እዚያ የሚገኝበትን መንገድ ባጭሩ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከባልና ሚስቱ አንዱ ስድስት ወር ከኖረ ፍቺ መጠየቅ ይችላል፤ ሌላኛው ወገን የትም ዓለም ቢሆን። አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ብቻውን ምክንያት ይሆናል። ሌላኛው ወገን ካልተገኘ "ፈልጌ አጣሁ" የሚል የመሃላ ቃል ይቀርብና መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል። አያት ተቀምጠሽ የቨርጂኒያ ጋዜጣ ታነቢያለሽ ማለት ነው! የእኛም ሕግ የጋዜጣ ጥሪ አለው፣ ስለዚህ በነሱ ብቻ አልስቅም። የፈጣሪ ያለህ የሚያሰኘው ግን መሃላው ነው።

አሁን ዋናውን ላስረዳሽ። አንቺ ያቺን ወረቀት እንደ አንድ ነገር ነው ያየሻት፤ ትዳሬ፣ ቤቴ፣ ልጄ ሁሉም በአንድ ጊዜ የተወሰዱ መስሎሻል። ሦስቱ ግን በሦስት መንገድ ነው የሚሄዱት። ወረቀቷ በአንዱ ላይ ጉልበት አላት፣ በሁለቱ ላይ ከሞላ ጎደል የላትም።

ጉልበት ያላት ትዳሩ ላይ ነው፣ ያውም እዚያ አገር። ወረቀቷ እስካልተሰረዘች ድረስ ባልሽ ቨርጂኒያ ውስጥ ያላገባ ሰው ነው። ነገ ሌላ ሴት ሊያገባ ይችላል፤ ምናልባትም ጥድፊያው ለዚያ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ይህን መስማት እንደሚያም ይገባኛል። ግን እነሱም ራሳቸው የቀረችውን ሴት ሙሉ በሙሉ አይጥሏትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገና በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባልየው ኔቫዳ ሄዶ ሚስቱ ሳትቀርብ ባመጣው ፍቺ ላይ፣ ጋብቻው ይፍረስ፣ ኒው ዮርክ ያለችው ሚስት ግን የተፈረደላትን መተዳደሪያ አታጣም ብሏል። በእሷ ላይ ሥልጣን ያልነበረው ፍርድ ቤት የእሷን የገንዘብ መብት ሊቆርጥ አይችልም ማለት ነው። ፍቺውን ለሁለት ከፈሉት።

እዚህ አገር ሲመጣ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። የውጭ አገር ፍርድ ቦሌ አርፎ በቀጥታ ሥራ አይጀምርም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ ቁጥር 456 ጀምሮ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ማመልከት አለበት ይላል። የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። አንቺም ተጠርተሽ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ቁጥር 458 ላይ ያሉት መመዘኛዎች ይታያሉ። ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ? ፍርዱን የሰጠው በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ነው? ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቷል? ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል ነው? ከሕዝብ ሰላምና ከመልካም ጠባይ ጋር አይጋጭም?

ሦስተኛውን ልብ በይ። ቀርቦ የመከላከል ዕድል። "አድራሻዋ አልተገኘም" የምትለዋ መስመር አንቺን ስታስለቅስሽ ከርማለች፤ ለጠበቃሽ ግን ትልቋ መሣሪያ ናት። የሚልክልሽ ብር ደረሰኞች አሉሽ? ከስልክሽ ላይ የኢሞ ጥሪዎቹ ከነቀናቸው ይታያሉ? ክሱን ከመሠረተበት ቀን ጀምሮ ፍርዱ እስከተሰጠበት ቀን ድረስ ያሉት ናቸው ወርቆቹ። ስክሪንሾት አንሺና ለእህትሽ ልጅ ላኪለት፣ ስልክ ይጠፋል። ደረሰኞቹንም ፎቶ አንሺ፤ የማስተላለፊያ ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ነው የሚለቅ፣ በዓመቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

የመጀመሪያው መመዘኛም ቀላል አይደለም። አሜሪካ በፍርድ አፈጻጸም ጉዳይ ከእኛ ጋር በሥራ ላይ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ "እነሱስ የእኛን ይፈጽማሉ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለአመልካቹ ራስ ምታት ነው። መቼም እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ይህ ሕግ ዛሬ ለአንቺ ጋሻ ሆነ እንጂ ሌላ ጊዜ ሌላዋን ሴት ይጎዳል። ውጭ አገር የልጅ ማሳደጊያ በትክክል አስፈርዳ፣ አዲስ አበባ ያለው ንብረቱ ላይ ላስፈጽም ስትል ፋይሏን አቅፋ ስትመላለስ ያየኋት ሴት አለች። እኛ አገር ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያስተካክል፣ የትኛው አገር ሕግ መቼ እንደሚሠራ የሚል ሙሉ ሕግ እስካሁን የለንም። ዳኛውም ጠበቃውም ከዚህም ከዚያም እየለቀመ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ "ተፈትቻለሁ ወይስ ባለትዳር ነኝ?" ላልሽው መልሴ ያናድድሽ ይሆናል። እዚያ የፈረሰ፣ እዚህ ገና የቆመ ትዳር ነው ያለሽ። በእኛ መዝገብ ሚስቱ ነሽ። ስለዚህ ነገ ጥሩ ሰው ቢመጣ እንኳ ይህ ሳይጣራ እንዳታገቢ፤ የመጀመሪያው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ ማግባት እኛ ጋ ክልክል ነው፣ ወንጀልም ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ለኔ አትመልሺልኝ፣ ለራስሽ ብቻ። ይሄን ሰው ትፈልጊዋለሽ? ነገ ተጸጽቶ ቢደውል ትመለሻለሽ? ወይስ ያንገበገበሽ መታለሉ ነው? ይህን የምጠይቅሽ ለምክር ወግ አይደለም። መልሱ መንገድሽን ይለውጠዋል። ትዳሩን ካልፈለግሽው ወረቀቷን ለመጣል ዓመታት ከመሟገት፣ አንቺ ራስሽ እዚሁ አዲስ አበባ ፍቺና የንብረት ክፍፍል መጠየቅ ትችያለሽ። ያኔ ቤቱን የሚያካፍለው የእኛ ፍርድ ቤት፣ በእኛ ሕግ ይሆናል። ብዙ ሴቶች "ፍቺውን ከተቀበልኩ ቤቱን ተቀማሁ" ብለው ይፈራሉ። አይደለም። ትዳሩን ለቀሽ ቤቱን መያዝ ትችያለሽ።

ስለ ቤቱ ደግሞ ረጋ ብዬ ላውራሽ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ልብሽን ማሳረፍ የምፈልገው። ፍርድ ቤት ሰውን ከሩቅ ሊይዝ ይችላል፣ መሬትን ግን ከሩቅ አይዝም። ይህ የእኛ ወግ ብቻ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው እርስ በርስ እንዲህ ናቸው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ነበሩ። ዳኛው ነብራስካ ያለው መሬት ለሚስትየዋ ይሁን አለ። ባልየው እምቢ አለና ለሌላ ሰው አዛወረው። የዋሽንግተኑ ፍርድ ቤት በራሱ ሰው አስፈርሞ የስም ማዛወሪያ ሰጣት። ይዛው ነብራስካ ሄደች፣ አልተቀበሏትም። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በነሱ አቆጣጠር በ1909 ነብራስካዎች ልክ ናቸው ተባለ። አስቢው፣ ያው አንድ አገር ውስጥ ነው! ያቺን ሴት የጎዳት ነገር ዛሬ ላንቺ ይሠራል። አንድ ስቴት የሌላውን ስቴት መሬት ማዛወር ካልቻለ፣ የአሌክሳንድሪያ ወረቀት አያት ያለውን ካርታ እንዴት ብሎ ያዛውራል? ያውም ስለ ቤቱ ትንፍሽ ያላለ ወረቀት።

የእኛ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ስለ ንብረት ግልጽ ነው። ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው። በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ራሱ ያስረዳ። ስለዚህ "ዶላሩን የላከው እሱ ነው" ብለሽ በደብዳቤሽ ላይ አንገትሽን የደፋሽበት ነገር ያሰብሽውን ያህል አይከብድም። እሱ ቨርጂኒያ ሲሠራ ትዳሩ ነበር። አንቺ ልጅ አዝለሽ አሸዋ ስታስራግፊም ትዳሩ ነበር። ወርቅሽና ዕቁብሽ ደግሞ ተጨማሪ ነው፤ የዕቁቡን ጸሐፊ አግኚና ደብተሩ ካለ ገጹን አስቀጂ።

የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ወንድምየው ውክልና አለው። ውክልናው መሸጥን የሚጨምር ከሆነ፣ ወረቀቷን በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ አረጋግጦ "ወንድሜ ያላገባ ነው" ብሎ ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ለመሸጥ ሊሞክር ይችላል። ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ከተሸጠ ይፍረስልኝ ማለት ትችያለሽ፤ ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ። ከተሸጠ በኋላ መሮጥ ግን አድካሚ ነው። ገዢው ያለቅሳል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ወንድምየው ብሩን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀድመሽ አሳግጂ። በክስሽ ላይ የእግድ አቤቱታ አያይዘሽ፣ ትእዛዙ ለክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤትና ለውልና ማስረጃ እንዲደርስ ጠይቂ። ትእዛዙን በእጅሽ ተቀብለሽ ራስሽ አድርሺው፣ ኮፒሽ ላይ "ደርሶናል" ብለው እንዲፈርሙና እንዲያትሙልሽ አድርጊ። "በፖስታ እንልካለን" ሲሉሽ ፈገግ በይና እዚያው ቁሚ።

መስከረም የተመረጠውም ያለ ነገር አይመስለኝም። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ። ብዙ ሰው "አሁን ማን ያየኛል" ብሎ ይቀመጣል። አስቸኳይ ጉዳይ ግን ተረኛ ችሎት ያየዋል፣ እግድ ደግሞ ከአስቸኳይም አስቸኳይ ነው። ከመዘጋቱ በፊት ከደረስሽ የተሻለ፣ ካልደረስሽም አትቅሪ።

የት ነው የምትከሺው? ተራ የባልና ሚስት ክርክር ቢሆን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነበር። ባልሽ ግን የአሜሪካ ፓስፖርት ወስዶ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ በእኛ ሕግ ሌላ ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፣ የተለያዩ አገሮች ሕግ የሚጋጭበት ክርክር ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚሆነው። የተሳሳተ በር አንኳኩተሽ ከወራት በኋላ "ሥልጣን የለንም" ከመባል ጠበቃው ከመጀመሪያው ይወስንልሽ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል። ስትሄጂ የጋብቻ ማስረጃሽን፣ የልጁን የልደት ካርድ፣ የካርታውን ኮፒና ያቺን ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት ያዢ። ኦርጅናሉን ለማንም አትስጪ።

አሜሪካ ያለውንም በር ዝም ብለሽ አትዝጊው። በቨርጂኒያ ሕግ በጋዜጣ ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው ፍርዱ ከተሰጠ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይችላል። የፍርዱ ግልባጭ በደንቡ ከደረሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። ወንድምየው ረከቦት አጠገብ ማስቀመጡ እንደ መድረስ ይቆጠራል ወይ የሚለው ለጠበቃ የሚተው ጥያቄ ነው። አንቺ ግን በአጭሩ ቁጠሪና የመጣበትን ቀን ካላንደር ላይ ክበቢው። መሄድ አይጠበቅብሽም፤ ከዚህ ሆነሽ እዚያ ላለ ጠበቃ ውክልና መላክ ትችያለሽ። አሌክሳንድሪያና አካባቢው አማርኛ የሚናገር ጠበቃ አይታጣም። ትዳሩን የማትፈልጊው ከሆነ ይህን ለምን ታደርጊያለሽ? ለመተዳደሪያና እዚያ ለሚኖር ንብረት። ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ባዶ እጁን ላይሆን ይችላል። ዋጋ የለውም ካሉሽም እሺ፣ ግን ሳትጠይቂ አትተይው።

ልጁ። ስለ እሱ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የፈራሽው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ወረቀቷ ስለ ልጁ አሳዳጊነት ምንም አትልም፤ ልትልም አትችልም። የቨርጂኒያ ሕግ ራሱ ስለ ልጅ አሳዳጊነት ቀድሞ የሚወስነው ልጁ ላለፉት ስድስት ወራት የኖረበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው ይላል፣ የውጭ አገርንም እንደ አንድ ስቴት ነው የሚቆጥረው። ልጅሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ አሳዳጊነቱ በእኛ ፍርድ ቤት በጽሑፍ ሳይወሰን ፓስፖርት ለማውጣት አትቸኩዪ። አባቱን ማየት የለበትም እያልኩሽ አይደለም። አባቱ ናፍቆት ይሆናል፣ ልጁም ይናፍቃል። ነገር ግን ኢትዮጵያ የተወሰዱ ልጆችን ስለ መመለስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የተደረገው የሄግ ስምምነት ውስጥ የለችም። ልጁ አንዴ ሄዶ "አይመለስም" ቢሉሽ በዚያ ስምምነት በኩል መልሱልኝ የምትይበት መንገድ የለም። ማሳደጊያውን በተመለከተ ደግሞ አባትየው ያለው እዚያ ስለሆነ ቻይልድ ሰፖርት እዚያው ቨርጂኒያ መጠየቅ ይቻላል፣ አንቺ እዚህ ብትሆኚም። ይህን ለዚያኛው ጠበቃ ከሁሉም አስቀድመሽ አንሺለት።

አሁን ወደ 400,000ው። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ብቻዋን ልጅ ስታሳድግ 400,000 ብር ብዙ እንቅልፍ ይገዛል። "ልፈርምና ልገላገል" ያልሽውን አልነቅፍም፤ ድካም ነው የጻፈው። ግን አያት አካባቢ ያለ ቤት ስንት እንደሚያወጣ ደላላ ጠይቂና ግማሹን አስቢ። ከዚያም ራስሽን ጠይቂ፦ ሁሉም ነገር በፍርድ ያለቀ ከሆነ የእኔን ፊርማ በ400,000 ብር ለምን ይገዙታል?

ለመስማማት ብትፈልጊ ክፋት የለውም። ጠበቃሽ ባለበት፣ ሙሉው ንብረት ተቆጥሮ፣ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ስምምነት ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል፤ ከሙግት ይሻላል። ሽማግሌም ይግባ ካላችሁ ይግባ። አንድ ነገር ብቻ፦ ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺ የሚወስኑት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። "ሽማግሌ ጨርሶታል" የሚል ቃለ ጉባኤ ይዘው ቢመጡ እሱንም አትፈርሚ።

እሁድ ይደውላል አይደል? አንሺ ወይም አታንሺ፣ እንደ ልብሽ። ካነሳሽ ግን አትስደቢው፣ ስለ ጠበቃም አታውሪ። በተረጋጋ ድምፅ "ወረቀቱ ደርሶኛል፣ አድራሻዬ አልተገኘም ይላል፣ አንተ ግን አድራሻዬን ታውቃለህ" በይውና ዝም በይ። የሚለውን ስሚ። ምናልባት ያለቅሳል፣ ምናልባት ይቆጣል፣ ምናልባት ኔትወርክ ይጠፋል። ይህን የምልሽ ለክርክሩ አይደለም። ስምንት ዓመት የጠበቅሽውን ሰው አንድ ጊዜ በቀጥታ መጠየቅ ይገባሻል ብዬ ነው። በጽሑፍ የሚልከውን ግን እንዳታጠፊ።

ለእናትሽ ንገሪያት። "ታዝንብኛለች" ብለሽ ይሆናል፣ ወይም "ጎረቤት ይሰማል" ብለሽ። እኔ የማውቃቸው እናቶች ከሐዘኑ ይልቅ ወር ሙሉ ብቻሽን መክረምሽ ነው የሚያስከፋቸው። በዚያ ላይ ሥራ አላት። በ2011 ወርቅሽን ስትሸጪ አብራሽ የሄደችው ማን ናት? እሷ ከሆነች ምስክርሽ ናት።

ወንድምየው ተመልሶ ይመጣል፣ የሚፈረመውን ወረቀት ሳይይዝ አይቀርም። በሩን አትዝጊበት፣ የልጅሽ አጎት ነው። ቡናውን አፍዪለት። ወረቀት ሲያወጣ "ጠበቃዬ ያየዋል" በይና ረከቦቱን ትንሽ ሳብ አድርጊው። የእግዱ ትእዛዝ ክፍለ ከተማ የደረሰ ቀን ደግሞ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤሽ እስኪመጣ እኔም አላርፍም።